ፀጉራችን የተጠማ እንጂ የታመመ አይደለም

በደሴና በኮምቦልቻ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ የፀጉር ሥራ ቡድናችን ደሴ ላይ ያቀረበው ንግግር



ዛሬ ጠዋት የኮምቦልቻ እህቶቻችን ከሚኒባስ ሲወርዱ በሳቅ ነው የተቀበልናቸው። ከቤታቸው ሲወጡ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ አሳምረው፣ ለጥ አድርገው ነበር። ሐረጎን ሲጨርሱ ጉሙ ጠበቃቸው። ደሴ ሲደርሱ የሁሉም ፀጉር ተነሥቶ ቆሟል። አንዷማ በሚኒባሱ መስተዋት ራሷን አይታ «ይቺን ሴትዮ ደግሞ ማን አሳፈራት?» አለች። እኛ ደሴዎቹም የምንስቅበት ምክንያት አልነበረንም፤ ሻሹ ሸፍኖልን ነው እንጂ ከሥሩ ያለው ያው ነው።

የተሰጠን ርእስ የተጠቀለለና ቶሎ የሚንጨባረር ፀጉር እንዴት እንደሚያዝ እንድናስረዳ ነው። ስለ ሚዶ፣ ስለ ቅቤና ስለ ተልባ እናወራለን። ነገር ግን በመጨረሻ የምንጠይቃችሁ ውሳኔ ስላለ እሱን ደብቀን ባንጀምር ይሻላል። ከማኅበራችን ተዘዋዋሪ ብድር ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል መግዛት እንዲቀር እንጠይቃለን። ይህን የምንለው ንጹሐን ሆነን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቀባ የነበርነው እኛው ነን።

እስቲ መጀመሪያ ፀጉሩን ራሱን እንየው። የራስ ቆዳችን ወዝ ያመነጫል። ፀጉሩ ሉጫ ሲሆን ወዙ ሳይቸገር እስከ ጫፍ ይወርዳል። የእኛ ፀጉር ግን እንደ ሐረጎ መንገድ ነው፤ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፣ ወዙም በየኩርባው ይቀራል። ሥሩ ወዛም ሆኖ ሳለ ጫፉ እንደ ጭድ የሚደርቀው ለዚህ ነው። የእያንዳንዱ ዘለላ የላይኛው ሽፋን ደግሞ እንደ ሣር ክዳን ተደራርቦ የተሠራ ነው። ሲደርቅ ክዳኑ ይነሣል። አየሩ ሲረጥብ የተጠማው ፀጉር ከአየሩ ውሃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ እያንዳንዱም ዘለላ በፈለገው በኩል ይሄዳል። መንጨባረር የምንለው ይኸው ነው። ፀጉሩ አልታመመም፤ ውሃ ፍለጋ ነው የወጣው።

ሁለቱ ከተሞቻችን የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ክረምት ላይ የጦሳ ጉም ሲወርድ የደሴ ሰው ፀጉር ያብጣል፤ በጋ ላይ የኮምቦልቻ ፀሐይና አቧራ ያደርቀዋል። ስለዚህ እዚህ የሠራልን ነገር እዚያ ላይሠራ ይችላል። ቅቤን ብቻ ውሰዱ፦ ደሴ ላይ ጠዋት የተቀቡት ቅቤ ራስ ላይ ረግቶ ይውላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ገና በረፋዱ አንገት ላይ ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገንም፣ የነጠላችንን ጥለት ማየት በቂ ነው።

አሁን ወደማንወደው ክፍል እንምጣ።

የፀጉር ሥራ ክፍላችን ሲከፈት በውጭ አገር ያሉ በጎ አድራጊዎች ካስክ፣ ወንበር፣ መስተዋትና አንድ ካርቶን ማለስለሻ ክሬም ላኩልን። ካስኩም ወንበሩም እስከ ዛሬ ያገለግሉናል፤ እግዜር ይስጥልን። ክሬሙ ሲያልቅ ግን ከብድሩ ገንዘብ ሌላ ገዛን፤ ያዋጣ ነበርና። አንድ ጊዜ ያለሰለሰች ሴት፣ አዲስ የሚበቅለው ሥሩ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ በየሁለት ወሩ ትመለሳለች። በንግድ ዓይን ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም።

ባለፈው ዓመት ኢድ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት አባላችን የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ስትበጠር ታለቅሳለች፤ ለበዓል ደግሞ እንደ አጎቷ ልጆች ፀጉሯ እንዲወርድላት ትፈልጋለች። እኛም ሳናቅማማ ቀባን። ክሬሙ ታጥቦ የሚለቀው በብዙ ውሃ ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ የዚያን ቀን ያለን በጀሪካን የተቀዳው ብቻ ነበር፤ እሱም መሀል ላይ አለቀ። አንዳችን ጎረቤት ለምና እስክትመለስ ድረስ ልጅቷ «ያቃጥለኛል» ትል ነበር። እኛ ደግሞ «ትንሽ ቻይ፣ ቆንጆ ልትሆኚ አይደል» አልናት። ከጆሮዋ ኋላ ቆዳዋ ተላጠ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ቁስሉ ዳነ፤ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ላይ ግን ፀጉር አልበቀለም። እናቷ «አብሽሩ፣ ያመጣኋት እኔው ነኝ» አለችን። ብትቆጣን ይሻለን ነበር። ታሪኩን እዚህ እንድንናገር የፈቀደችው እሷው ናት፤ ስሟን አንጠራም።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጭ ብለን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው። ያልገባንን የጤና ባለሙያ ጠየቅን። ሳሙና የምትሠሩ እህቶቻችን ኮስቲክ ሶዳን ያለ ጓንት አትነኩም። ብዙው ማለስለሻ ክሬም የሚሠራው በዚያው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። «ሶዳ የለበትም» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት፤ ከዘመዱ ብዙም አይርቅም። ፒኤች የሚባል ከ0 እስከ 14 የሚቆጠር መለኪያ አለ። የቆዳችን ልክ 5 ተኩል አካባቢ ነው፤ የእነዚህ ክሬሞች 12ና ከዚያ በላይ ይሆናል። ክሬሙ ፀጉሩን ጠቅልሎ የያዘውን የውስጥ ማሰሪያ ይበጥሰዋል። የተበጠሰ አይቀጠልም፤ ከሥር አዲስ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ፀጉር በወር የሚያድገው ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ማስፈራራት እንዳይመስልብን በልኩ እንናገረዋለን። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመታት ያህል ተከታትለው ውጤቱን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አወጡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 378 ሴቶች በማህፀን ካንሰር ተይዘዋል። ማለስለሻ ፈጽሞ ያልተጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 1.64 ከመቶ ሲሆን፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የተጠቀሙት 4.05 ከመቶ ነበር። ኬሚካሉ ብቻውን አመጣው አላሉም፣ ጥናቱም የእኛን አገር ሴቶች አልያዘም። ነገር ግን የእኛ ደንበኞች በዓመት ስንት ጊዜ ይመጡ እንደነበር ደብተራችን ላይ አለ። በየሁለት ወሩ ማለት 6 ጊዜ ነው።

ኬራቲን የሚባለውም ቢሆን፣ ሲተኮስ ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ ካወጣ ፎርማልዲሃይድ ሊኖርበት ስለሚችል ተጠንቀቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ነገር ነው። በደሴ ብርድ በሩን ዘግተን የምንሠራ እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የምንስበው። ፔስትራ የሚሻለው የሚመስላት ካለች፣ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ድረስ እንደሚሄድ ትወቅ። ፀጉሩ ሳይደርቅ ተተኩሶ «ጭስስ» ሲል የሰማችሁት ውስጡ የቀረው ውሃ እየፈላ ነው።

አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ለዚህ ለምን ታመጣለች? እሷን አንወቅስም። ቋንቋችን ራሱ አድሏል። ለስላሳና ረጅሙን «ዞማ» ብለን እናሞግሳለን። የተጠቀለለውን «ከርዳዳ»፣ ያልተበጠረውን «ጨብራራ» እንላለን፤ ልጅ ስንቆጣም አፋችን ላይ የሚመጣው ይኸው ነው። በዚያው ቋንቋ ደግሞ ከአንበሳ ጎፈር ጋር የሚዛመድ «ጎፈሬ» የሚል ቃል አለን፤ እሱ የጀግና ነው። አንድ ዓይነት ፀጉር በአርበኛ ራስ ላይ ጎፈሬ፣ በሴት ልጅ ራስ ላይ ጨብራራ! ይህን እንኳ ለሽማግሌዎቻችን እንተወው።

ፀጉራችን ክብር እንደነበረው ለማየት ከዞናችን መውጣት አያስፈልግም። መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ከአስከሬናቸው ላይ የተቆረጠ ፀጉር ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጦ ቆይቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። አገር የጠየቀው ዘለላ ፀጉር ነበር፤ ያውም ሹሩባ ይሠራ የነበረ ሰው ፀጉር። ባቲ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው ደግሞ የአፋር ጎልማሶችን አይቷል፤ ጥቅልሉ በቅቤ ወዝቶ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይደባለቅ የሚወርድ ፀጉር። ቅቤውን የሚቀቡት ጥቅልሉን ሊያጠፉ ሳይሆን ሊያሳምሩት ነው። እኛ ግን ከባቲ ሰኞ ገበያ ይልቅ የሳሎኑን ፖስተር አመንን።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ባለፉት ወራት በራሳችን ራስ ላይ የሞከርነውን እንንገራችሁ። ሁሉም የሚጀምረው ከውሃ ነው።

ፀጉር በሳምንት አንዴ ቢታጠብ ይበቃል። ደረቅ ሳሙና ፒኤቹ 9ና 10 ስለሚደርስ ክዳኑን ያነሣዋል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናማ ጭራሽ ወደ ራስ አይጠጋ። ሻምፑ ውድ ነው የምትሉ ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ አቅጥኑት። አንድ ክዳን ሻምፑ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ በጥብጡና የሃይላንዱን ክዳን በመርፌ ብሱት። ቆዳው ላይ እየረጫችሁ በጣት ጫፍ እሹ፤ ጥፍር አይገባም። የሚታሸው ቆዳው ነው፣ ለፀጉሩ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። እንዲህ ሲደረግ ሁለት ጆግ ውሃ ለአንድ ራስ ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣላችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በቃሉና በባቲ ቆላ ዘመድ ያላችሁ ቁርቁራን ታውቁታላችሁ፤ ሙስሊም እህቶቻችን ሲድር የሚሉት ነው። ቅጠሉ ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፣ ለስለስ አድርጎም ያጥባል። ግን በደንብ ንፉት። ሳይነፋ የተጠቀምንበት ዕለት ዱቄቱ ፀጉር ውስጥ ቀርቶ ሦስት ደንበኞች ፎረፎር ይዘው የወጡ መስለው ነበር፤ አንዷ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ማበጠር ያለው ፀጉሩ እርጥብና የሚያንሸራትት ነገር ተቀብቶ ሳለ ነው። መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየወጡ። እኛ ያደግነው በእናታችን ጉልበት መሀል ተይዘን፣ ደረቁን፣ ከሥር ወደ ታች እየተጎተትን ነው። ለቅሶው ከዚያ ነው። ያቺ የ9 ዓመት ልጅ የምታለቅሰው በፀጉሯ አልነበረም፤ ፀጉሯ በደረቁ ከሥሩ ስለሚጎተት ነበር። ይህን አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ክሬሙ ባላስፈለገ።

ከታጠበ በኋላ በፎጣ መፈተግ የተጋደመውን ክዳን መልሶ ማንሣት ነው። ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ይሻላል፤ በሱ ጠቅልሎ መጭመቅ ብቻ። ከዚያ ተልባ።

ተልባውን በጾም የምናውቀው ነው፤ ለዚህ ግን ያልታመሰ፣ ያልተወቀጠ መሆን አለበት። አንድ የቡና ሲኒ ተልባ ለቅሞና አጥቦ በስምንት ሲኒ ውሃ መጣድ። ታች እንዳይዝ እያማሰሉ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ሲፈላ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል። በዚያን ጊዜ ወዲያው አውርዶ፣ በትኩሱ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ወይም በስስ ነጠላ ቁራጭ ማጥለል። የመጀመሪያው ቀን ይቀዝቅዝ ብለን ቡና ስንጠጣ ቆየን፤ ስንመለስ ተልባውና ዝልግልጉ አንድ ላይ ረግቶ ከድስቱም አልወጣ ብሎ ነበር። ሲጠለል ሙሉ የሻይ ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል። እርጥብ ፀጉር ላይ ቁንጥር ቁንጥር እያደረጉ በመዳፍ ጭምቅ ጭምቅ ማድረግ ነው፤ ከዚያ እስኪደርቅ አይነካም። ሲደርቅ ጠንከር ይላል፣ በትንሽ ቅባት መዳፍ ሲታሽ ይለሰልሳል። ጥቅልሉ ተሰብስቦ ይቆማል፣ ጉሙም እንደ ልቡ አይገባበትም። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ደሴ ላይ ሦስት ቀን፣ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ቀን፤ ከሸተተ መድፋት ነው።

ስለ ቅቤ የወሎ ሴት ለወሎ ሴት የምታስተምረው የለም ይባላል። ቢሆንም አንድ የተሳሳትነው ነገር አለ። ቅቤ ፀጉርን አያጠጣም፤ የጠጣውን ውሃ ነው የሚይዝለት። ደረቅ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ድርቀቱን ከውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩን በውሃ አርሱ፣ ቀጥሎ ለጋውን ቅቤ በመዳፍ አሙቃችሁ ከመሀል እስከ ጫፍ ቀቡ። እናቶቻችን በአደስ ዱቄት የሚለውሱት ለሽታው ነው፤ እኛም ወደነዋል፣ በተለይ የቅቤውን ሽታ ይዘው ቢሮ መግባት ለሚከብዳቸው። ከአንድ ሌሊት በላይ አታሳድሩት፣ ታጠቡት። የጉሎ ዘይትም ደህና ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ጠብታው ይበቃል፤ ራሰ በራ ላይ ፀጉር ያበቅላል የሚሏችሁን ግን አትመኑ።

ሻሽና ሒጃብ የብዙዎቻችን ነገር ስለሆነ ሳናነሣው አናልፍም። ጥጥ ፀጉሩን ይፈትገዋል፣ ወዙንም ይጠጣዋል። ከሥር አንድ ሳቲን ነገር ቢገባ ፀጉሩ ያርፋል። የልብስ ስፌት ቡድናችን ከተረፈ የሳቲን ገበር የሌሊት ቆብ መስፋት ጀምሯል፤ ኮምቦልቻ ላይ በፋብሪካ ቆብ ሥር ቀኑን ሙሉ ለሚውሉ ልጆች ቀን ቀንም እየተሸጠ ነው። እርጥብ ፀጉር ግን አይሸፈን። ይሸታል፣ ያሳክካል።

ሌላው የሐኪም ድርሻ ነው። የልጅ ራስ ላይ ክብ እየሠራ ፀጉሩን የሚያረግፍ ቆረቆር ከመጣ በቅቤ አትሸፍኑት፤ የሚውጡት መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ሚዶም አትዋዋሱ። ላሽም ጤና ጣቢያ ይታይ። ለቅማል ብላችሁ የልጅ ራስ ላይ ነጭ ጋዝ አታፍስሱ፤ ክብሪት አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ናት።

አሁን ራሳችንን አንድ ጊዜ ደግመን እንውቀስ። ኬሚካል ስለተውን ብቻ ገር ሆንን ማለት አይደለም። ሹሩባ የኛ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ፀጉርንም ይጠብቃል፤ ግን እኛ «ቆይቶ እንዲውል» እያልን አጥብቀን ስንጎነጉን ኖረናል። ደንበኛም «ጠበቅ አድርጊው» ትላለች፣ ለገንዘቧ ስትል። ዓይኗ ወደ ላይ እስኪሳብ የተሠራች ሴት ሁለት ቀን አትተኛም። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ግንባርና ጆሮ ግንዱ ላይ ያለው ፀጉር ይሸሻል፤ ሂውማን ሄር ሲጨመርበት ክብደቱ ያፈጥነዋል። ገና ሲጀምር ከተላላ ተመልሶ ይበቅላል፤ ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል፣ አይመለስም። ስለዚህ አሁን ደንብ አውጥተናል፦ ስትሠሪ የምታመኚ ከሆነ ንገሪን፣ እንፈታዋለን፣ ዳር ዳሩን እናላላለን፣ ከስድስት ሳምንት በላይ እንዳይቆይም እንመክራለን። ከሹሩባው አንድ ሳምንት ያህል ቶሎ ይፈታል ብለው ሁለት ደንበኞች አኩርፈዋል። እውነታቸውን ነው፣ ይፈታል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ደጋፊዎቻችንም የምትጠብቁት ይህን ስለሚሆን። ማለስለሻ ካቆምን ወዲህ የደሴው ክፍል ገቢ ወርዷል። በሪፖርቱ ላይ የምታዩት ቅናሽ ከስንፍና አይደለም፣ ከዚህ ነው። የብድር ክፍያችንም ሁለት ወር ተራዝሟል። እጥበት፣ ተልባና የላላ ሹሩባ ደንበኛ አምጥተዋል፣ በተለይ ልጅ ያላቸው እናቶች፤ ሙሽሮቹ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚሄዱት። የሰርግ ወር ሲመጣ እጃችንን አጣጥፈን ጎረቤት ሳሎን ፊት ያለውን ሰልፍ እናያለን። አይከብደንም ብንል እንዋሻለን።

ከኮምቦልቻ ክፍል ጋር ደግሞ አልተስማማንም፤ ይህን ደብቀን አንድ ድምፅ ነን ልንላችሁ አንችልም። እነሱ እንዲህ ይላሉ፦ «ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትወጣ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ናት ያላት። ጠዋት ጨለማ ሳለ ነው የምትነሣው። ተልባ የምታፈላበት ጊዜ የላትም፣ ለጥ ያለ ፀጉር ጊዜዋን ያተርፍላታል። እኛ ብንከለክላት ሌላ ቦታ ሄዳ ትቀባለች፤ እኛ ቢያንስ ውሃ አዘጋጅተን እንሠራላታለን።» ለዚህ ሙሉ መልስ የለንም። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት በራሷ ፀጉር ላይ የምትወስነው እሷ ናት፣ ማንም የማኅበር ደንብ ይዞ አይከለክላትም። እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ የእናንተ ቁጠባ፣ ከቅሬና ከዕቁብ ተርፎ፣ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ንግድ ተቆርጦ የገባው ገንዘብ፣ ይህን ክሬም መግዣ አይሁን። ጊዜ ለሌላት ሠራተኛ ደግሞ እሑድ ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ አጥበንና ላላ አድርገን ጎንጉነን ለሦስት ሳምንት የሚያገለግል ነገር በቅናሽ እንሥራላት፤ ሁለታችን ከደሴ እየወረድን ለማገዝ ዝግጁ ነን፣ የሚኒባሱን ከቻላችሁልን።

ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ በተመለከተ ግን ክርክር አንቀበልም። በየትኛውም ክፍላችን፣ እናቷ ብትለምንም፣ በዓል ቢሆንም፣ አይቀባም። ይህን የኮምቦልቻ እህቶቻችንም ያለ ንግግር ተቀብለውታል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለን። ዘንድሮ ከወንበሮቹ ጋር የላካችሁት ሁለተኛው የክሬም ካርቶን ሳይከፈት ዕቃ ቤት ተቀምጧል። በቅን ልብ እንደላካችሁት እናውቃለን፣ ቅር እንዳይላችሁ። ልንሸጠው አልወደድንም፤ ከሸጥነው የሌላ ሰው ልጅ ራስ ላይ ነው የሚያርፈው። ልትመልሱት ትፈልጉ እንደሆነ ወይም እንዴት ቢወገድ እንደሚሻል ከስብሰባው በኋላ እንነጋገር። ለወደፊቱ ልታግዙን ብትፈልጉ የሚጎድለን አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ነው። ከፈረቃ ቀን እስከ ፈረቃ ቀን ውሃ ካለን የቀረውን እንችለዋለን።

ተልባው ጓዳ ውስጥ ተጥዷል። ሲጠለል ማየት የምትፈልጉ አሁኑኑ ግቡ፣ ከረጋ በኋላ አይሆንም። ብልቃጥ ይዛችሁ የመጣችሁ ለቤታችሁ ትወስዳላችሁ፣ ያልያዛችሁ ከጽዳት ቡድኑ ባዶ ሃይላንድ ጠይቁ። ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው።